ሦስት ጠበቃ አናግረን አንዷን ያዝን፦ ስለ ሕክምና ስህተት ጠበቃ ያለኝ አስተያየት

አስቀድሜ ልናገር፣ ስም አልጠራም። የሆስፒታሉንም፣ የሐኪሙንም፣ የጠበቆቹንም። ጉዳዩ በስምምነት ስላለቀና ዝርዝሩን ላለማውራት ስለፈረምን ብቻ አይደለም። ስማቸው ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የሚሆነውን ጠበቃ ከማይሆነው የለየንበት መንገድ ነው። እሱንም ቢሆን ያወቅነው ሁለቴ ከተሳሳትን በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘባትና በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው፣ ላፓሮስኮፒ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀላል ነው ተባልን። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በማግስቱ ቤቷ ገባች። በሦስተኛው ቀን ሆዷን አመማት። ስትደውል «ጋዝ ነው፣ ይተውሻል» አሏት። (ለዚህ ቀዶ ሕክምና ሆድ በጋዝ ስለሚነፋ ከዚያ በኋላ ሆድና ትከሻን ማመሙ የታወቀ ነው። መልሱ ከመሬት ተነስቶ የተሰጠ አልነበረም።) በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት። ደግማ ደወለች፣ «ማስታገሻሽን ቀጥዪ» ተባለች። በሰባተኛው ቀንም ደወለች። በስምንተኛው ጠዋት የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኖ አየሁት፣ ይዘናት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥን። የሐሞት ቱቦዋ ተጎድቶ ሐሞቱ ሆዷ ውስጥ ሲፈስ ነበር የሰነበተው። ከዚያ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መጣ፣ ይሄኛው ትልቁ። ሳምንታት አልጋ ላይ፣ ወራት ከሥራ ውጪ።

ተናደድን። የተናደደ ሰው ደግሞ ጠበቃ ሲፈልግ ንዴቱን የሚጋራለትን ነው የሚፈልገው። እኛም እንደዚያው አደረግን።

የመጀመሪያው ሰውዬ ማስታወቂያ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ቀጥ ብሎ ከሚያያችሁ ዓይነት ነው። ቢሮው ያምራል። ግድግዳው በሽልማት ተሞልቷል። እህቴ ታሪኩን ጀምራ ገና ስለ ትኩሳቱ ሳትደርስ «ይሄማ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ቱቦ ቆርጠው ምን ሊሉ ነው?» አለ። ከዚያ አንድ ቁጥር ጠራ። ትልቅ ቁጥር ነው። አንዲት ገጽ የሕክምና ማስረጃ ሳያይ፣ የእህቴን ደሞዝ እንኳን ሳይጠይቅ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የካሳውን ልክ ነገረን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለን። እህቴ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው። ውሉንና እስክሪብቶውን ወዲያው አቀረበልን።

ያዳነን እህቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። ብልጠትም አልነበረም፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው የጠየቀችው። «እንደኔ ዓይነት ስንት ሰው ይዘው ያውቃሉ?» አለችው። ሰውዬው ስለ አንድ የመኪና አደጋ አወራ። ስለ ሌላ የመኪና አደጋ ጨመረ። ከሕንፃ ስለወደቀ ሠራተኛም አወራ። በሐኪም ላይ ክስ ከፍቶ ዳኛ ፊት እስከ መጨረሻ የተከራከረበትን አንድም ጉዳይ አልጠቀሰም። ጠበቅ አድርጌ ስጠይቀው «እንዲህ ያለውን አብረውን ለሚሠሩ ቢሮዎች እናስተላልፋለን» አለ። በአጭሩ፣ ፊቱን አይተን ልንፈርም፣ ሥራውን ደግሞ የማናውቀው ሰው ሊሠራው ነበር። ማስተላለፍ በራሱ ነውር አይደለም። ብዙ ጠበቃ ያደርገዋል፣ ታማኙም ያደርገዋል። ታማኙ ግን አስቀድሞ ይናገራል እንጂ ተጎትቶ አይደለም።

ልሳደብ አይደለም የመጣሁት። ይሄ ሰውዬ ለመኪና አደጋ ምናልባት ጎበዝ ነው። የመኪና አደጋ የራሱ ሙያ አለው። እዚያ ፍጥነት ነው ዋናው፦ የፖሊስ ሪፖርቱን ማውጣት፣ የምስክር ስልክ መያዝ፣ የአካባቢው ካሜራ የቀዳው በላዩ ላይ ሳይቀዳበት ማስቀረት፣ መኪናው ተጠግኖ ማስረጃው ሳይጠፋ ማስመርመር። ደግሞ የኢንሹራንስ ሰው በሁለተኛው ቀን ደውሎ በትሕትና «የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ፣ እቀዳዋለሁ» ሲል ዝም ማሰኘት። አንድ ጓደኛዬ አንገቱ ገና ሳይድን «ደህና ነኝ» ብሎ ተቀድቶ፣ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ ፈረመ። ሕመሙ ከወር በኋላ ሲብስ ወረቀቱ ተዘግቷል። እንዲህ ላለው የማስታወቂያው ሰውዬ በትክክል ይመጥናል። ስህተቱ የእኛ ነው። «ጉዳት ጉዳት ነው፣ ጠበቃ ጠበቃ ነው» ብለን ሄድን።

ሁለተኛውን በስልክ ነው ያገኘነው። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። «ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፈርማለች?» አለ። ፈርማለች አልኩት። «የቱቦ ጉዳት ሊያጋጥም ይችላል የሚል አለበት?» አለበት። «እንግዲያው ተዉት» ብሎ ዘጋው።

ይሄን ነገር ብዙ ሰው ያምናል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ከሕክምና በፊት የምትፈርሙት ወረቀት አደጋውን አውቃችሁ መስማማታችሁን ያሳያል። ሐኪሙ በቸልተኝነት እንዲያክማችሁ ግን ፈቃድ አይሰጥም። ሊደርስ ይችላል የተባለ ጉዳት በጥንቃቄ እየተሠራም ሊደርስ ይችላል፣ በግዴለሽነትም ሊደርስ ይችላል። ፊርማው ሁለቱን አይለይም። ፊርማው ራሱ እንዴት እንደተወሰደም አንድ ጥያቄ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ሞንትጎመሪ በሚባለው ጉዳይ የወሰነውን ማንሳት ይቻላል። እናቲቱ የስኳር በሽተኛ ነበረች፣ ቁመቷም አጭር ነው። በምጥ ጊዜ የልጁ ትከሻ የመያዙ ዕድል ከ9 እስከ 10 በመቶ እንደሆነ ሐኪሟ አልነገራትም። ልጁ ጉዳት ደርሶበት ተወለደ። ፍርድ ቤቱ ያለው ባጭሩ፣ ሐኪም ሊነግር የሚገባው እሱ አስፈላጊ ነው ያለውን ብቻ አይደለም፣ በታካሚዋ ቦታ ያለ ሰው ማወቅ የሚፈልገውንም ነው። ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ተወሰነ። ይሄ የአንድ አገር ሕግ ነው፣ የእናንተው ሊለይ ይችላል። ግን «ፈርማለች» ሲባል ስልክ የሚዘጋ ጠበቃ ጉዳዩን እንዳልሠራበት አሁን አውቃለሁ። ያኔ አላወቅኩም። ለሁለት ወር ያህል ተስፋ ቆርጠን ቁጭ አልን።

ያ ሁለት ወር ቀላል ነገር አልነበረም። የሚባክነው ይርጋው ነው። ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ እውነታችሁ ተራራ ቢያክል ማንም አይሰማችሁም። ጊዜው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንግሊዝ በመሠረቱ 3 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ካወቃችሁበት ቀን ነው። በካሊፎርኒያ የሕክምና ጉዳይ ካወቃችሁ በ1 ዓመት፣ ከጉዳቱ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ይይዛችኋል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት 2 ዓመት ነው። ለልጆች ብዙ ቦታ አቆጣጠሩ ሌላ ነው። እንግዲህ ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ የመጀመሪያ ቀን፣ የመጀመሪያ ሰዓት «ይርጋው መቼ ነው የሚሞላው?» በሉት። ቀኑን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ስለ ይርጋ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ይሄን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ሦስተኛዋን ያገኘናት በማስታወቂያ አይደለም። የእህቴን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ ናት በጨዋታ መሐል የጠቆመችን። «ሐኪሞች ሲከሰሱ ስሟን ሲሰሙ የማይወዷት አንዲት አለች» አለች። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላውቅም።

ደወልን። ቀጠሮ አልሰጠችንም! የቢሮዋ ሰው «መጀመሪያ የሕክምና መዝገቡን በሙሉ አስወጥታችሁ ላኩ» አለን። በሙሉ ማለት በሙሉ ነው፦ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የነርሶች ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ምስሎቹ፣ የመድኃኒት ሰንጠረዡ፣ የቀዶ ሕክምናው ቪዲዮ ከተቀዳም ቪዲዮው። እኔ ተናደድኩ። «ሰው ሞቶ ቢሆንስ፣ አያናግሩንም?» አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ራሷ ደወለች። ስንገባ ጠረጴዛዋ ላይ የእህቴ መዝገብ በቢጫ ወረቀት ተሰካክቶ ተቀምጧል። ቢሮው ውስጥ ቀድሞ ነርስ የነበረች ሠራተኛ አለች፣ ገጽ በገጽ ያነበበችው እሷ ናት።

የመጀመሪያ ንግግሯን አልረሳውም። «ቱቦው በመቆረጡ ብቻ ከከሰስን እንሸነፋለን ብዬ እሰጋለሁ» አለች።

እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ሰባት ወር ሙሉ በልባችን ይዘን የዞርነው ክስ እኮ እሱ ነው። «ቆረጠኝ» ነው የምትለው እህቴ። ጠበቃዋ ቀስ ብላ አስረዳችን። የሐሞት ቱቦ ጉዳት በዚህ ቀዶ ሕክምና የታወቀ አደጋ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው እንጂ በጥንቃቄ በሚሠሩም ሐኪሞች እጅ ይደርሳል። ቀዶ ሐኪሞች ትክክለኛውን ቱቦ ሳይለዩ እንዳይቆርጡ የሚከተሉት አካሄድ አለ፣ ከ1995 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ያንን ተከትያለሁ ይላል። ቪዲዮ የለም። ስለዚህ የእነሱ ቃል በእኛ ቃል ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ያኔ ተኝተን ነበር። «ተኝተን» አለች፣ እሷም አብራ የተኛች ይመስል። እዚያች ቃል ላይ ወደድኳት።

ከዚያ እህቴን «በሦስተኛው ቀን ሲደውሉ ስልኩን ማን አነሳ?» አለቻት። እህቴ አታስታውስም። «በአምስተኛው ቀንስ? ትኩሳቱን በቁጥር ነግረዋቸዋል?» «38 ነጥብ ምናምን ብያለሁ» አለች እህቴ። «የደወሉበት ስልክ አሁንም አለ?» «አዎ፣ አለ።» «የጥሪ ዝርዝሩን ዛሬ፣ አሁን፣ ከዚህ ሳይወጡ ፎቶ አንሱት። ከቴሌኮሙም እናስወጣለን።»

ለካ መዝገቡ ውስጥ የተጻፈው አንድ ጥሪ ብቻ ነው። እህቴ የደወለችው ሦስቴ ነው።

እዚህ ጋ ነው ገንዘባችንን የከፈልንበት ነገር የገባኝ። እኛ ጣታችንን የቀሰርነው ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ነበር። ጥፋቱ ግን ስልኩ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆዷን የሚያማትና ትኩሳት ያላት ሴት ሦስቴ ስትደውል ማንም «ነይ እንይሽ» አላላትም፣ ደም እንኳን አልተመረመረም፣ አልትራሳውንድ አልተነሳም። ልምድ ያለው ጠበቃ ማለት ለኔ ይሄ ነው። የምትጮኹበትን ቦታ ትቶ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ የሚያገኝ። ከኛ ንዴት ጋር አልተናደደችም። መዝገቡን አነበበች።

ደግሞ ዝም ብላ አላሞቀችንም። «የሚከብደን ምክንያትና ውጤቱን ማያያዝ ነው» አለች። ተከላካዮቹ የሚሉትን ከወዲሁ ነገረችን፦ በሦስተኛው ቀን ቢታወቅም ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና አይቀርላትም ነበር፣ ስለዚህ መዘግየቱ ምን ጨመረባት? ይሄን የሚመልስ ራሱ ያንን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ያስፈልገናል። በአንድ አካባቢ ያሉ ሐኪሞች አንዱ በሌላው ላይ መመስከር ይከብዳቸዋል፣ ስለዚህ ከሩቅ ነው የምታመጣው። መመዘኛውም «ከሁሉ የተሻለው ሐኪም ምን ያደርግ ነበር» አይደለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1957 ቦላም በሚባለው ጉዳይ ያስቀመጠውና በብዙ አገር መልኩን እየቀየረ የሚሠራበት ሐሳብ አለ። ሐኪሙ ያደረገውን በሙያው የሚታመኑ ሌሎች ሐኪሞች ትክክል ነው የሚሉት ከሆነ ቸልተኛ አይባልም። ስለዚህ አንድ ሐኪም «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም» ማለቱ ብቻ አይበቃም።

በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲያውም ክሱን ከመክፈታችሁ በፊት ወይም ስትከፍቱ የሌላ ባለሙያ የጽሑፍ ማረጋገጫ ማያያዝ ግድ ነው። ስለዚህ ለምትመርጡት ጠበቃ ሁለተኛው ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ «ለዚህ ዓይነት ጉዳይ የባለሙያ ምስክር ከየት ነው የሚያመጡት? ወጪውን ማን ይከፍላል?» የመኪናው ሰውዬ ይሄን ቢጠየቅ ምን እንደሚል አስባለሁ።

ስለ ክፍያ። እዚህ ላይ ሰው ይታለላል፣ እኔም ልታለል ነበር። እንዲህ ባለ ጉዳይ በብዙ ቦታ ጠበቃው የሚከፈለው ከካሳው ላይ በመቶኛ ነው፣ ካልተገኘ አይከፈልም። በአሜሪካ ሲሶና ከዚያም ከፍ ያለ ድርሻ የተለመደ ነው። ኒውዮርክ ለሕክምና ጉዳይ የመቶኛውን ደረጃ በሕግ አውጥታለታለች፣ ከመጀመሪያው 250 ሺ ዶላር 30 በመቶ ተነስቶ ካሳው እያደገ ሲሄድ እስከ 10 በመቶ ይወርዳል። በእንግሊዝ በአካል ጉዳት ጉዳይ የስኬት ክፍያው (ጠበቃው ሲያሸንፍ የሚወስደው ጭማሪ) ከተወሰኑ የካሳ ዓይነቶች 25 በመቶ ማለፍ አይችልም። አንዳንድ አገር ደግሞ ጠበቃ በውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዳይከፈል ይከለከላል። የእናንተን እወቁ።

ግን መቶኛው አይደለም ወጥመዱ። ወጥመዱ «ካሸነፍን ብቻ ነው የምትከፍሉት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። የጠበቃው ድካም አንድ ነገር ነው፣ ወጪው ሌላ ነው። የባለሙያ ምስክር ይከፈለዋል፣ መዝገብ ማስወጣት ይከፈልበታል፣ የፍርድ ቤት ክፍያ አለ። ብትሸነፉ ይሄን ማን ይሸከማል? በአንዳንድ አገር ተሸናፊው የአሸናፊውን ወጪም ይከፍላል። ብታሸንፉስ መቶኛው የሚሰላው ወጪው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትንሽ ነገር ትመስላለች። 100 ተፈረደላችሁ እንበል፣ ወጪው 20 ነው፣ የጠበቃው ድርሻ ሲሶ ነው። ቀድሞ ከ100 ላይ ከተነሳ ለእሱ 33፣ ለወጪ 20፣ ለእናንተ 47 ይቀራል። ወጪው ቀድሞ ከወጣ ግን 80 ላይ ነው የሚሰላው፣ ለእሱ 27፣ ለእናንተ 53። አንድ መስመር ውል ነች። የመጀመሪያው ሰውዬ ውል ላይ በፊት ነበር፣ ሦስተኛዋ ጋ በኋላ ነው። ሁለቱም ስለ ራሳቸው ድርሻ ያሉት ቃል አንድ ነው፣ ሲሶ።

የሕክምና ወጪያችሁን የከፈለው ኢንሹራንስም ካሳው ሲመጣ «የኔን መልሱልኝ» ሊል ይችላል። ይሄን ቀድሞ የነገረን የለም፣ ሦስተኛዋም ብትሆን የነገረችን ጠይቀናት ነው። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል።

ሌላም ቅር ያለኝ አለ። ጎበዝ ናት እንጂ ስልክ አታነሳም። በሦስት ዓመት ውስጥ በቀጥታ ያገኘኋት ስንቴ እንደሆነ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። የሚያነሳው ረዳቷ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን «አስተላልፋለሁ» ከማለት ውጪ ሥልጣን የለውም። በየወሩ ደብዳቤ ትልካለች ተብሎ ነበር። ላከች፣ ሦስት መስመር ነው። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል። እህቴ አንድ ጊዜ ደብዳቤውን ወርውራ «በሂደት ላይ መሆኑን እኔም አውቃለሁ!» አለች። እንግዲህ ውል ስትፈርሙ ማን እንደሚደውልላችሁ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ። ጉዳዩን ራሱ የያዘው ማን እንደሆነም። እኛ ይሄን አልጠየቅንም።

የሚገርመው መዘግየቱ የእሷ ጥፋት ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2006 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት 1,452 የተዘጉ የአሜሪካ የሕክምና ክሶችን አይቶ ነበር። ከጉዳቱ እስከ መዝጊያው በአማካይ 5 ዓመት ነው የወሰደው። ለካሳ ለወጣው ለእያንዳንዱ ዶላርም 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለባለሙያ ምስክርና ለፍርድ ቤት የመሰለው ወጪ ላይ ውሏል። ይሄን ስሰማ የኛ ሦስት ዓመት ፈጣን መሰለኝ። (በነገራችን ላይ ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳ ሰው ጥፋተኛ ሳይፈልግ ከመንግሥት ፈንድ የሚካስበት ሥርዓት አላት፣ በምትኩ ለጉዳቱ ካሳ ብሎ መክሰስ የለም። የሕክምና ጉዳትም ይገባበታል። እዚያ ለምትኖሩ ይሄ ሁሉ ጽሑፌ ትርፍ ነው፣ ይቅርታ።)

ለእህቴ የሰጠቻት የቤት ሥራም ነበር። ደብተር ግዢና በየቀኑ ጻፊ ተባለች። ማልቀስ ሳይሆን ተራ ነገር፦ ዛሬ ስንት ደረጃ ወጣሁ፣ ልጄን ማንሳት አቃተኝ፣ ሌሊት ስንቴ ነቃሁ። ከሥራ የቀረችበት ቀን፣ ለታክሲ የወጣ ደረሰኝ፣ ሁሉም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምንም አትለጥፊ ተባለች። የዘመድ ሰርግ ላይ ስትስቅ የተነሳችውን ፎቶ የከሳሹ ጠበቃ አይደለም፣ የተከሳሹ ጠበቃ ነው የሚፈልገው። እህቴ ይሄኛው ከበደባት። ደብተሩን ግን ጻፈች፣ በኋላ ድርድሩ ላይ ከሐኪሙ ሪፖርት ይልቅ ብዙ ያወራው ደብተሩ ነው።

አንድ ጊዜ ልንለቃት ነበር። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ተከሳሾቹ አንድ ገንዘብ አቀረቡ። እኛ ደክመናል፣ እንቀበል አልን። ጠበቃዋ «ውሳኔው የእናንተ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም» አለችና ምክንያቷን በሁለት ገጽ ጽፋ ላከች። የመጀመሪያው ሰውዬ ወደ ችሎት የማይሄድ መሆኑን ያኔ አስታወስኩ። የኢንሹራንስ ጠበቆች ማን ችሎት እንደሚቆም ማን እንደማይቆም ያውቃሉ፣ የሚያቀርቡትም በዚያው ልክ ነው። በአሜሪካ ችሎት ድረስ ከደረሱ የሕክምና ክሶች አብዛኛውን የሚያሸንፉት ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ ችሎት መሄድ ጀብድ አይደለም። ግን መሄድ የማይችል ጠበቃ ይዞ መደራደር ባዶ እጅ መደራደር ነው። እሷ ለችሎት ተዘጋጀች፣ ምስክሩን አስመዘገበች፣ የሆስፒታሉን የኮምፒውተር መዝገብ ማን መቼ እንደከፈተውና እንዳረመው የሚያሳየውን ዱካ ጠየቀች። ችሎቱ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ሲቀረው ሌላ ገንዘብ አቀረቡ። ያንን ተቀበልን። ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ከጠራው ቁጥር ግን በጣም ያነሰ ነው።

ይቅርታ የጠየቀን የለም። ይሄን የምትጠብቁ ካላችሁ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ጠበቃ ካሳ ያመጣል፣ ይቅርታ አያመጣም። እህቴ እስከ መጨረሻው ቀን ትጠብቅ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው እየደወለ «የቷን ያዛችሁ?» ይለኛል። ስም ከመስጠት ይልቅ የምነግራቸው እንዴት እንደሚያጣሩ ነው። የጥብቅና ፈቃዱ የጸና መሆኑንና በዲሲፕሊን ተቀጥቶ እንደሆነ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጋ ማየት ይቻላል። በእንግሊዝ የሕግ ማኅበሩ ለሕክምና ቸልተኝነት ጠበቆች የተለየ ዕውቅና ይሰጣል፣ በአሜሪካም በዚሁ ዘርፍ ተፈትነው የሚያልፉ አሉ። ይሄ ይጠቅማል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮከብ ግን ለዚህ ሥራ ብዙም አላምንም። ጥሩ ሠርተው የዘጉት ጉዳይ ምስጢር ተፈርሞበት ነው የሚዘጋው፣ እንደኛ። የሚጽፈው የተናደደው ነው፣ ወይም ከመኪና አደጋው በሳምንት የተከፈለው።

እኔ ግን ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያውን በመኪና ጉዳይ ጠይቁት፣ በሕክምና ዜሮ። ለሁለተኛው አራት ደቂቃ ብቻ ስለወሰደብኝ አመሰግናለሁ። ለሦስተኛዋ አራት ኮከብ። አምስተኛዋን የነፈግኳት ለስልኩ ነው። ይሄንን እንድታነብ ሊንኩን ለረዳቷ ልኬለታለሁ። «አስተላልፋለሁ» ብሎኛል።